ጀግናው ምን ይበላል?

አሥራ አንደኛ ክፍልን በጨረስኩበት ዓመት፣ ትምህርት ቤቱ ለክረምት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የአማርኛ መምህራችን አንድ ወፍራም ልቦለድ አዋሱኝ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ስለነበረ አርበኛ የተጻፈ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለጠፋ አንዱ ተማሪ በብስኩት ካርቶን ለብጦታል። ስለዚህ ጀግናውን ለማግኘት መጀመሪያ የብስኩቱን ማስታወቂያ ማለፍ ያስፈልጋል። መምህሩ መጽሐፉን ሲሰጡኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የታሪክ መጽሐፍ ማን እንዳሸነፈ ይነግርሻል» አሉኝ። «በጦርነት ዘመን ሰው እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ከፈለግሽ ግን ይህን አንብቢ።»

የምንኖረው ላሊበላ ነው። አባቴ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዱ የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። እናቴ ለቱሪስት የሚሸጥ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር፤ ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ግን የጠለፈችውን በየሳጥኑ እያጠፈች ታስቀምጣለች። ያን ጊዜ ስለ ጦርነት በሬዲዮ ይወራል እንጂ እኛ ዘንድ አልደረሰም ነበርና መጽሐፉን ከአልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነበር የጀመርኩት።

መጽሐፉን ሳላጋምስ ስለ ጦርነት የማላውቀው ነገር ያለ አልመሰለኝም። ጦርነት በነጋሪት ይጀምራል። ዘማች ሲሰናበት እናቱ ግጥም ትገጥማለች። ባንዳ ከሩቅ ያስታውቃል፤ ዓይኑ አይረጋም፣ ሲስቅም የሚስቀው ጥርሱ ብቻ ነው። ጀግና ሲቆስል ግራ ትከሻው ላይ ነው። ጓደኛው የሚሞት ከሆነ ደግሞ ተረጋግቶ፣ ለሁሉም ኑዛዜውን አዳርሶ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ለአርበኞቹ ደብዳቤ በሹሩባዋ ሸሽጋ የምታመላልስ አንዲት ልጅ አለች። እኔም ጸጉሬን ወፈር አድርጌ ሹሩባ ተሠራሁ። የሚላክ ደብዳቤ ግን አልነበረኝም።

ወደ እኛ ጦርነቱ ሲመጣ ነጋሪት የጎሰመ የለም። መጀመሪያ ባንክ በር ላይ ያለው ሰልፍ ረዘመ። ከዚያ መብራት ጠፋ። ቀጥሎ ኔትወርክ ሄደ። እናቴ «ሞባይሌ ተበላሸ» ብላ ወደ ጠጋኙ ወሰደችው፤ ጠጋኙ ሱቁን ቆልፎ ከነቤተሰቡ ሄዷል። በጎኑ ያለው ልብስ ሰፊም ሄዷል። እናቴ ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ እየሮጠች ተመለሰች። ጦርነቱ መድረሱን ያወቅነው እንዲህ ነው፤ ከስልክ ጠጋኝ።

አባቴ ወደ ብልባላ፣ ወደ ታላቅ እኅታቸው ቤት እንድንሄድ ወሰኑ። እናቴ ጓዝ ስትሸክፍ መጽሐፉን ከልብሴ መካከል አገኘችው።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«መጽሐፍ ነው፤ የመምህሩ።»

«በዚህ ቦታ ስንት ሽሮ ይገባል!»

«እማ፣ አደራ ነው እኮ።»

አደራ የምትለዋ ቃል መጽሐፉን አዳነችው። ሽሮው ግን አልቀረም፤ መጽሐፉንም ሽሮውንም እኔ ተሸከምኩ።

በልቦለዱ ውስጥ አገራቸውን ለቀው የሚሄዱ ሰዎች ከአንድ ከፍታ ላይ ዞረው ቀያቸውን አይተው ያለቅሳሉ። እኔም ከከተማው በላይ ካለው አቀበት ስደርስ ዞር ብዬ ቆምኩ። ደመና ስለነበር የሚታይ ነገር የለም። «ምን ይገትርሻል? ዝናቡ ሊይዘን ነው!» አለች እናቴ። አብራን የምትሄድ ጎረቤታችን ደግሞ መንገዱን ሙሉ የምታወራው ቡሃቃው ላይ ስለተወችው ሊጥ ነበር። ለማግስቱ ያቦካችው ነው። «አሁን ተነሥቶ ይሆናል፤ አሁንስ ፈሶ ይሆናል» እያለች ሊጧን በሐሳቧ ስትከታተል ዋለች። መሳቅ አማረኝ፤ ስደት የዚህ ዓይነት ነው ብሎ የነገረኝ አልነበረም። በኋላ እኔም ማሰብ ጀመርኩ፤ እውነት ግን ያ ሊጥ ምን ሆኖ ይሆን?

አክስቴ ባሏ የሞተባት፣ እርሻዋን በእኩል አሳርሳ የምትኖር፣ ነገር የማያልፋት ሴት ናት። በአገራችን ደንብ አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር። እሷ ግን «አንቱ የሚባል ሩቅ ሰው ነው» ብላ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ከልክላኛለች፤ የምጠራት እቴቴ ብዬ ነው። ቤቷ ደርብ ያለው የድንጋይ ጎጆ ነው፤ ታች እንኖራለን፣ ደርቡ ላይ እህል ይቀመጣል። በደረስን በሳምንቱ የሬዲዮው ባትሪ አለቀ። ዝናቡ ከቀትር በኋላ አይጠፋም፤ ሁላችንም በሩ ሥር እየተቀመጥን እርስ በርስ እንተያያለን። አንድ ቀን እቴቴ በካርቶን የተለበጠውን ነገር በአገጯ አመለከተች።

«ያ ወፍራም ምንድን ነው? ድርሳን ነው?»

«ልቦለድ ነው።»

«ልቦለድ ማለት?»

«የተፈጠረ ታሪክ። በእውነት ያልሆነ።»

«ካልሆነ ታዲያ ለምን ይህን ያህል ወፈረ?»

ገልጬ ማንበብ ጀመርኩ።

አድማጮቼ አራት ነበሩ፤ እቴቴ፣ እናቴ፣ ከጎን ያለው ቤት ባለቤት የሆኑ አንድ ሽማግሌ፣ እና አባቴ። አባቴ ግን ሁልጊዜ አይገኙም። የቅዳሴ ተራቸው፣ ሰሞናቸው፣ ሲደርስ በእግራቸው ወደ ላሊበላ ይሄዳሉ፤ ሰሞናቸው ሲያልቅ ይመለሳሉ። ሲመለሱ ያመለጣቸውን ይጠይቃሉ። ሽማግሌው ጀግናውን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ወደዱት። ሲተኩስ ጉልበታቸውን ይመታሉ፤ ሲፎክር «እሰይ!» ይላሉ። እቴቴ የወደደችው ሰው አልነበረም፤ ሁሉንም ትመረምራለች።

«ይህ ሰው ጫካ ከገባ ስንት ጊዜው ነው?»

«አንድ ዓመት አልፎታል ይላል።»

«ምን እየበላ?»

ገጾቹን ወደ ኋላ ገለበጥኩ። አርበኛው በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከምንጭ ውኃ ጠጥቷል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ማር ቀርቦለት «ወገኔ ተርቦ እኔ አልበላም» ብሎ መልሷል።

«ከብቱንስ ማን ይጠብቅለታል? ገብሱን ማን አጨደለት?»

«አይልም፣ እቴቴ።»

«ሚስት የለችውማ። ብትኖረው ይል ነበር» አለች፤ ወደ ምስሯ ለቀማ ተመለሰች።

የምትለው ሁሉ ልክ ነበር ማለቴ አይደለም። ፈረሱ ጀግናውን ለጠላት አሳልፎ ይሰጠዋል ብላ ብዙ ቀን ተከራክራለች። ደብዳቤ የምታመላልሰው ልጅ መጨረሻ ላይ የጀግናው እኅት ሆና ትገኛለች ብላም በአባቷ ምላ ነበር። ሁለቱም አልሆነም። እሷ ግን ደራሲው እንደተሳሳተ እንጂ እሷ እንደተሳሳተች አልተቀበለችም።

አባቴ ጣልቃ የገቡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አርበኞቹ ከውጊያ በፊት በሬ ጥለው ቁርጥ ሲበሉ እያነበብኩ ነበር።

«ቆይ» አሉ። «ወሩ ምንድን ነው?»

ጥቂት ገጽ ወደ ኋላ ሄጄ ፈለግሁ። «የነሐሴ መባቻ ይላል።»

«ፍልሰታ ነዋ!»

«አባ፣ ጦርነት ላይ ናቸው እኮ።»

«ጦርነት ላይ ቢሆኑስ? ማን ፈቅዶላቸው ነው የሚገድፉት? ነገ ለመሞት የሚሄድ ሰው ዛሬ ጾም ይሽራል?»

እኛም ያን ጊዜ ፍልሰታን እየጾምን ስለነበር ሥጋው ለሁላችንም አልተመቸንም። እቴቴ «ዝለይውና እለፊ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሥጋ በመጣ ቁጥር እኔ ቆሎ እያልኩ አነብ ነበር። በሬ ጥለው የነበሩት አርበኞች የሽምብራ ቆሎ ቆርጥመው ዘመቱ፤ ድሉም አልቀረባቸውም። አባቴ ፊታቸው ፈታ አለ።

ትልቁ ጠብ የተነሣው በባንዳው ነው። ባንዳው ለጣሊያኖቹ የሚያስተረጉም የጀግናው የመንደር ሰው ነው። ደራሲው ዓይኑ እንዳያርፍ፣ ሳቁ እንዳያምር አድርጎ ፈጥሮታል።

«ስንት ልጅ አለው?» አለች እቴቴ።

«ስድስት ይላል።»

«እንግዲያ ምን ያድርግ?»

ሽማግሌው ብድግ አሉ። «ምን ያድርግ? አገር ይሽጥ ትያለሽ?»

«አልሸጠም፣ አስተረጎመ እንጂ። ለስድስት ልጅ ያ ጀግና ማር ይልክለታል? እሱ ለራሱም አይበላ!»

«ይህን የምትይው የባላባት ልጅ ሆነሽ ነው?»

«አንቱ ልጆችዎ አድገው ሄደውልዎታል። የሚበላ የጠየቀዎት የለም።»

ሽማግሌው የያዙትን ጠላ ሳይጨርሱ ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። እናቴ እቴቴን «ምን አናገረሽ» ብላ ገሠጸቻት። እኔም አዘንኩ፤ ከሁሉ በላይ የሚያዳምጡኝ እሳቸው ነበሩ። በማግሥቱ ግን ከሁሉ ቀድመው በሩ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ያ ከሃዲ የት ደረሰ?» አሉኝ።

እኚህ ሽማግሌ የስኳር በሽታ ነበረባቸው። ኪኒናቸውን ልጃቸው ከከተማ ይልክላቸው ነበር፤ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ የሚላክ የለም። የነበራቸውን መጀመሪያ እየከፈሉ፣ በኋላም በየሁለት ቀኑ እያደረጉ ዋጡት። አንድ ቀን አለቀ። ያኔ የማነበው የጀግናው ጓደኛ የሚሞትበትን ምዕራፍ ነበር። ጓደኛው ደረቱን ተመትቶ ለሰንደቅ ዓላማው፣ ለእናቱ፣ ለፈረሱ፣ ለተራራው ሳይቀር ተናዝዞ ነው የሚሞተው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቆዩና፣

«ይህን ሁሉ ተናግሮ ነው የሚሞት?» አሉ።

«ገና ሁለት ገጽ ይቀረዋል።»

«ጎበዝ ነው» አሉ። ከዚያ በበሩ ወደ ውጭ አይተው፣ «ያቺ ፍየል ባቄላው ውስጥ ገባች፤ ተነሺ እንጂ!» አሉኝ።

ፍየሏን አባርሬ ስመለስ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። በሌሊቱ ዐረፉ። እኛ ከእሳቸው አፍ የሰማነው የመጨረሻ ቃል የፍየሏ ነገር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ በስኳር የሚሞት ሰው የለም፤ ፍየልም አትገባም። ልጃቸው ለቀብሩ አልደረሰም፤ የሚነገርበት ስልክ ስላልነበረ መሞታቸውን የሰማው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የቀበርናቸው በዝናብ ነበር፤ የመቃብሩን ጉድጓድ ውኃ እየሞላው ወንዶቹ በጣሳ ይቀዱ ነበር።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን መክፈት አቃተኝ። ሰባታቸው ካለፈ በኋላ እቴቴ ራሷ ከተሰቀለበት አውርዳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው።

«አንብቢ» አለች። «እሳቸው ቢኖሩ ከሃዲው የት ደረሰ ይሉን ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ባንዳውን ከሃዲ አለችው። አንድ ቀን ብቻ፤ ከዚያ ወደ ሐሳቧ ተመለሰች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ታጣቂዎች በመንደሩ ማለፍ ጀመሩ። አንዳንዱ ውኃ ጠይቆ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ዶሮ፣ እህልና ስልክ ይወስዳል። ውሻው ሲጮኽ እናቴ እኔን ደርቡ ላይ ትሰደኝና መሰላሉን ታነሣዋለች። እዚያ ከገብሱ ጎታ ኋላ ተኮራምቼ፣ በቀዳዳ በሚገባ ብርሃን ለራሴ አነብ ነበር። ልጅቱ ደብዳቤዋን በሹሩባዋ ይዛ ብቻዋን በጠላት ሰፈር መካከል ትሄዳለች። ከዚህ በፊት ያላሰብኩትን አሰብኩ፤ እናቷ የት ነበረች? ደራሲው እናቷን በመጀመሪያው ምዕራፍ በንዳድ ገድሏታል። ያኔ አሳዝኖኝ ነበር። አሁን ገባኝ፤ እናቷ ብትኖር ልጅቱ ደርብ ላይ ወጥታ መሰላል ይነሣባት ነበር፣ ልቦለዱም እዚያው ያልቅ ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሦስት ታጣቂዎች መጡ። ሁለቱ ወንዶች ወደ ላይኛው ቤት አለፉ፤ ሦስተኛዋ ሴት ነበረች፣ ዝናቡ ሲበረታ በራችን ላይ ተጠለለች። ከእኔ ብዙ አትበልጥም። የኮንጎ ጫማዋ ማሰሪያ ተበጥሶ በገመድ አስራዋለች። እቴቴን በሩቅ ቃና ባለው አማርኛ፣

«እማማ፣ ቢላ አለዎት? እሳት ላይ ላግለው ነው» አለቻት።

እቴቴ ቢላውን ሰጠቻት። ልጅቱ መሣሪያዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቢላውን አጋለችና የተበጠሰውን ፕላስቲክ መበየድ ጀመረች። እናቴ ልጅቱ ብቻዋን መሆኗን ስላየች ይሁን፣ ወይም እኔ ስላስነጠስኩ፣ መሰላሉን አቆመችልኝ። መጽሐፉን እንደያዝኩ ወረድኩ። ልጅቱ እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ። መጀመሪያ ብስኩቱን አየች፤ ከዚያ ገልጣ ጥቂት መስመር አነበበች።

«ይህን አውቀዋለሁ» አለች። «ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ አንብቤዋለሁ።»

ለእንዲህ ዓይነት ነገር ምን ይመለሳል? ምንም መባል የሌለበት ሰዓት ላይ ሁልጊዜ የምትናገረው እቴቴ ናት።

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።» ልጅቱ ፈገግ አለች። «ይህቺ ደብዳቤ የምትይዘዋ ግን ትገርመኝ ነበር። መጽሐፉን ሙሉ ስትሄድ ጫማዋ አንድ ቀን አልተበጠሰም።»

«ባዶ እግሯን ናት» አልኳት፤ አፌን መያዝ አልቻልኩም።

«ታዲያ እሾህስ አይወጋትም?»

አልወጋትም። አስቤ አስቤ አንድም እሾህ ላስታውስ አልቻልኩም። ለአንድ አፍታ እኔና እሷ በእረፍት ሰዓት የተገናኘን የክፍል ጓደኛሞች መሰልን። መሣሪያው ግን ጭኗ ላይ ነበር፤ እናቴም ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም።

«ሰውየውስ? ተመልሶ ያገባታል?» አለች እቴቴ።

«አይመለስም፤ ይሞታል። እሷ ባንዳውን ታገባለች።»

«ባንዳውን! ሚስቱስ?»

«ትሞትበታለች።»

እቴቴ ራሷን ያዘች። በዚህ መሀል ከላይ ጓደኞቿ ጠሯት። ልጅቱ ጫማዋን አጥልቃ፣ አመስግና፣ ቢላውን በሁለት እጇ መለሰች። ከዚያ ግድግዳው ሥር የተጠለለችውን ዶሮ በክንፏ ይዛ ሄደች። እናቴ በጉልበቷ ተንበርክካ አማተበች።

«ዶሮዋስ ዶሮ ናት» አለች እቴቴ። «መጨረሻውን ምን አስነገራት?»

«አንቺው አይደለሽ የጠየቅሻት!» አለች እናቴ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወደ ልቅሶ ሄደና አብረን አለቀስን።

የቀረውን ያነበብነው ልባችን እየፈራ ነው፤ ጀግናው እንደሚሞት እናውቃለንና። ጀግናው ግን አልሞተም። ፈረሱ እያሽካካ ተመለሰ፤ ልጅቱንም አገባ፤ ሠርጉ ላይ ባንዳው ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። የባንዳው ሚስትም በሕይወት ነበረች፤ ወጥ ስትሠራ ነበር። መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ዋሸችን!» አለች እቴቴ። «በመሣሪያ ፊት፣ በቤቴ ተጠልላ ዋሸችን!»

«ምናልባት ሌላ መጽሐፍ ተምታቶባት ይሆናል» አልኩ።

እናቴ ጥልፏን ቁጭ አደረገች። «ምናልባት አልጨረሰችው ይሆናል» አለች። «ትምህርት ቤቱ ተዘግቶባት ይሆናል።»

ይህን ማናችንም አላሰብነውም ነበር። እቴቴ ምስሯን እየለቀመች ቆየችና፣ «ለነገሩ የእሷ ይሻል ነበር» አለች። «ሚስትየዋ ብትሞት እንኳ ስድስቱ ልጆች እናት ያገኙ ነበር።»

ወደ ላሊበላ የተመለስነው ብርዱ በርትቶ ሳለ ነው። የቤታችን በር ተሰብሮ፣ ፍራሹና ድስቱ ሁሉ ተወስዶ ነበር። የእናቴን ጥልፍ ግን ሳጥኑን ከፍተው አይተው እንዳለ ትተውታል፤ ይህ ከሁሉ በላይ አናደዳት። ትምህርት ቤት ከብዙ ወራት በኋላ ተከፈተ። መምህራችን ከስተው ሸበት ጣል አድርጎባቸው መጡ። መጽሐፉን ስመልስላቸው ካርቶኑን ዳሰስ አድርገው ተቀበሉኝ። በሳምንቱ ለክፍሉ ሁሉ ድርሰት አዘዙ፤ የጦርነት ዘመን ታሪካዊ ልቦለድ ከማንበብ ተማሪ ምን ይማራል?

የሚጻፍ ነገር ሞልቶኝ ነበር። ከእንዲህ ያለ ልቦለድ ተማሪ የሚማረው በተጻፈው አጠገብ ያልተጻፈውን መጠየቅ ነው አልኩ፤ ገብሱን ማን አጨደ፣ እናትየዋን ለምን ገደሏት፣ ኪኒናው ሲያልቅ ምን ይሆናል። ባንዳን በዓይኑ መለየት እንደማይቻል ጻፍኩ፤ ቢላ በሁለት እጁ የሚመልስ ሰው ዶሮም ሊወስድ እንደሚችል ጻፍኩ። መጽሐፉ ባይኖር ኖሮ ያን ክረምት እንዴት እንደምናልፈው አላውቅም ብዬም ጨመርኩ፤ እውነት ስለሆነ። መምህሩ ከግርጌው በቀይ «ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የሀገር ፍቅር አልተጠቀሰም» ብለው ከአሥር ስድስት ሰጡኝ። መጽሐፉን ገልጣው የማታውቅ ጓደኛዬ ስለ ሀገር ፍቅር፣ ስለ ጀግንነትና ስለ አንድነት ጽፋ ከአሥር አሥር አገኘች፤ ጠዋት በሰልፉ ላይም አነበበችው። በጣም አጨበጨብንላት፤ ብርድ ነበር።

በዚያው ሰሞን መምህሩ በጦርነቱ ወቅት የሆነውን ለትምህርት ቤቱ መጽሔት እንሰብስብ ብለው በየቤቱ መዞር ጀመሩ። እኛም ቤት መጥተው አባቴ አጠገብ ተቀመጡ፤ ብዕራቸውን አወጡ።

«አባ፣ እስቲ እርስዎ ያዩትን ይንገሩኝ።»

«ምን ይነገራል?» አሉ አባቴ። «ሰሞኔ ሲደርስ እመጣለሁ፣ እቀድሳለሁ፤ ሲያልቅ ወደ ቤተሰቤ እመለሳለሁ።»

«መንገዱ ላይስ?»

«ጭቃ ነበር።»

መምህሩ ጠበቁ። አባቴም የሚጠበቅ ነገር ያለ መስሏቸው አብረው ጠበቁ።

«አልፈሩም?»

«ፈርቻለሁ እንጂ! ከአንዱ ገደል ሥር ግማሽ ቀን ተቀምጬ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይመላለሱ ነበር?»

«ሰሞኔ ነዋ!» አሉ አባቴ፤ ጥያቄው አልገባቸውም።

መምህሩ ጻፍ ጻፍ አደረጉና ቡራኬ ተቀብለው ወጡ። መጽሔቱ ሲታተም የአባቴ ታሪክ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር። በጽሑፉ ውስጥ አንድ ግርማ ያላቸው ካህን በጥይት ዝናብ መካከል መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ይጓዛሉ፤ ነጎድጓድ ይሰማል፤ ካህኑም ወደ ተራሮቹ ዞረው ስለ ሀገር ረጅም ቃል ይናገራሉ። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ መጽሔቱን በአክብሮት አጥፈው ሰጡኝ።

«ጠንካራ ካህን ናቸው» አሉ። «የየትኛው ደብር ናቸው?»